የኮሶ እንቁላል ሕያው ነው ወይስ ሞቷል? የላቦራቶሪ አሠራር መመሪያ

በማይክሮስኮፕ ሥር ክብ፣ ቡናማ፣ ዙሪያውን ጨረር መሰል መስመር ያለበት እንቁላል ሲታይ «የቴኒያ እንቁላል ተገኝቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቴኒያ የኮሶ ትል ሳይንሳዊ ስም ነው። ሕመምተኛን መርምሮ መድኃኒት ለማዘዝ ይህ ይበቃል። ጥያቄው ሌላ ሲሆን ግን አይበቃም። የመጸዳጃ ጉድጓድ ዝቃጭ ለማሳ ከመበተኑ በፊት ስንት ወር መቆየት አለበት? በቆሻሻ ውሃ በለማ ሣር ላይ የተገኘው እንቁላል ሣሩን የሚግጠውን ጥጃ ያስይዛል? አዲስ የተሞከረው ማጽጃ እንቁላሉን ገድሎታል ወይስ ከላይ ብቻ ነክቶታል? የእነዚህ መልስ ከቅርፊቱ አይነበብም። ውስጡ ያለው ሽል ከሞተ በኋላም ቅርፊቱ ለረጅም ጊዜ ያው ክብ፣ ያው ቡናማ ሆኖ ይቆያል። መልኩ ያማረ እንቁላል ሁሉ ሕያው ነው ብሎ የሚጽፍ ላቦራቶሪ ስለ ቅርፊቱ እንጂ ስለ ሽሉ አልመሰከረም።

እዚህ በምሳሌነት የያዝነው ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ቴኒያ ሳጂናታ ነው። በአገራችን ስሙን የወሰደው አበባው መድኃኒት ሆኖ ሲጠጣበት ከኖረው ከኮሶ ዛፍ ነው። አሠራሩ በጥቂት ማስተካከያ ለሌሎቹ የቴኒያ ዓይነቶችም ይሠራል።

የምንፈትሸው ምንድን ነው?

እንቁላሉ ከ30 እስከ 45 ማይክሮን ስፋት አለው። ወፍራሙ ቅርፊት እንደ ጡብ ግድግዳ ነው፤ ኬራቲን መሰል ጥቃቅን ጡቦች በማጣበቂያ ፕሮቲን ተያይዘው ይሠሩታል። ከቅርፊቱ ሥር ስስ ሽፋን አለ። በሽፋኑ ውስጥ በሳይንሳዊ ስሙ ኦንኮስፌር የሚባለውና ሦስት ጥንድ፣ በድምሩ 6 መንጠቆ ያለው ሽል ተቀምጧል። ከብቱ እንቁላሉን ሲውጠው የጨጓራና የአንጀት ፈሳሽ ማጣበቂያውን ያላላና ጡቦቹ ይበተናሉ። ከዚያ ሐሞቱ ሽሉን ይቀሰቅሰዋል። ሽሉ መንጠቆዎቹን እያንቀሳቀሰ ሽፋኑን ይቀድዳል፣ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ደም ይገባል። የላቦራቶሪው ዘዴ ሁሉ ይህንን ጉዞ በቱቦ ውስጥ የሚደግም ነው። የሚጠይቀውም ከሁለቱ አንዱን ነው፦ ስሱ ሽፋን ገና ይከላከላል ወይ? ሽሉስ ገና ይንቀሳቀሳል ወይ?

አንድ ስህተት ከወዲሁ እንዝጋ። የአስካሪስ (የወስፋት) እንቁላል ሕያውነት የሚለካው በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሦስትና ለአራት ሳምንት አቆይቶ በውስጡ እጭ መብቀሉን በማየት ነው። የዝቃጭ ናሙና የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ይህንን ስለለመዱ ለቴኒያም ሊጠቀሙበት ይሞክራሉ። አይሆንም። የበሰለ የቴኒያ እንቁላል ከሰው ሲወጣ ሽሉ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ኢንኩቤተር ውስጥ ወር ቢቀመጥ አዲስ ነገር አያሳይም። እንዲያውም ሙቀቱ ያለውን ሕያው እንቁላል ያስረጅብናል።

ከመጀመር በፊት፦ ደኅንነት

የቴኒያ ሳጂናታ እንቁላል ሰውን አያሲዝም። ከአሳማ ሥጋ የሚመጣው የቴኒያ ሶሊየም እንቁላል ግን ያሲዛል፤ እጩ አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ሁለቱን እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንቁላል ሁሉ እንደ ሶሊየም ይያዝ። ክፋዩ፣ ማለትም ከትሉ አካል ተቆርጦ የሚወጣው ቁራጭ፣ በእጃችሁ ካለ የማሕፀኑን ቅርንጫፎች በአንድ ወገን ቁጠሩ። 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሳጂናታ፣ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሶሊየም ነው። በመካከሉ ያለውን ቁጥር በዓይን አትወስኑ፤ በፒሲአር (በዲኤንኤ ምርመራ) ይለይ።

ከውሻ ሰገራ የተገኘ የቴኒያ መሰል እንቁላል ከሆነ ይህንን መመሪያ አትከተሉ። ኢኪኖኮከስ የሚባለው የውሻ ጥገኛ ትል እንቁላል መልኩ ያው ነው፣ ለሰው ደግሞ አደገኛ ነው። የውሻ ሰገራ ከመነካቱ በፊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ለቀናት እንዲቀዘቅዝ የሚደረገው እንቁላሉ እንዲሞት ነው። ከዚያ በኋላ ሕያውነትን መፈተሽ ትርጉም የለውም። ሳያቀዘቅዙ መሥራት ደግሞ ለከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራ ላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ጓንት፣ ገዋን፣ የዓይን መከላከያ ግዴታ ናቸው። 70% አልኮል እንቁላሉን አይገድለውም፤ ጠረጴዛውን በአልኮል ጠርጎ ተጸዳ ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚገድለው ሙቀት ነው። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ አስታውሱ፦ በዚህ ሥራ በረኪናም አሲድም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይውላሉ። ሁለቱ ከተገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የቆሻሻ ዕቃቸው የተለያየ ይሁን፣ ስማቸውም ይጻፍባቸው።

እንቁላሉን ማግኘትና ማቆየት

ለሙከራ የሚበጀው በራሱ ጊዜ የወጣ ክፋይ ነው። ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል ከተዋጠ በኋላ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የተበጣጠሰና ግማሹ የተፈጨ ነው፤ እንቁላሉም ጥራቱ ይዋዥቃል። ክፋዩ በ0.85% የጨው ውሃ ውስጥ፣ በንጹሕ ጠርሙስ፣ በቀዝቃዛ ሳጥን ይምጣ። ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ አይሁን። ፎርማሊን ወይም አልኮል የነካው ናሙና ለዚህ ሥራ ከመጀመሪያው ውድቅ ነው።

1. ክፋዩን በጨው ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቡ። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ፔኒሲሊንና 100 ማይክሮግራም ስትሬፕቶማይሲን ያለበት ፒቢኤስ (ፒኤቹ በፎስፌት የተጠበቀ የጨው ውሃ) ውስጥ ክተቱት።

2. በትንሽ ሳህን ላይ በመቀስ ቆራርጡ፣ በስፓቱላ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣል፤ እንቁላሉ እርሱ ነው። በመፍጫ አትፍጩ፤ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና በኋላ በረኪናው ሽሉን ያለ ዕድሜው ያገኘዋል።

3. በ100 ማይክሮን ወንፊት አጣሩ። የሥጋው ቁራጭ ይቀራል፣ እንቁላሉ ያልፋል።

4. በ15 ሚሊ ሊትር ቱቦ፣ በ500 ጂ (የመሬት ስበት 500 እጥፍ) ለ5 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አዙሩ። ላዩን ፈሳሽ ቅዱና በአዲስ ፒቢኤስ ተኩ። ላዩ እስኪጠራ ድረስ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም።

በማጠቢያው ላይ ትዊን 80 የሚባለውን ሳሙና መሰል ፈሳሽ 0.05% ጨምሩ። እንቁላሉ ከመስታወት ጋር መጣበቅ ይወዳል፤ ትዊን ካልገባ በየእጥበቱ የሚጠፋው ቁጥር ትንሽ አይደለም። በዚሁ ምክንያት የፕላስቲክ ቱቦ ይመረጣል።

የታጠበው እንቁላል መድኃኒት በገባበት ፒቢኤስ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ። በየሳምንቱ ፈሳሹን ቀይሩ። ሕያውነቱ ግን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ይወርዳል። ስለዚህ የዛሬ ወር የተቀመጠውን እንቁላል የዛሬ ወር በተገኘው ውጤት አትገምግሙ፤ በሙከራው ቀን አዲስ መለኪያ ያስፈልጋል።

ናሙናው ዝቃጭ ወይም አፈር ከሆነ ማንሳፈፍ ግድ ይላል። የቴኒያ እንቁላል ከባድ ነው፤ ለብዙ ጥገኛ ትል የሚበቃው 1.18 ጥግግት ያለው የዚንክ ሰልፌት ውህድ ለእርሱ አይበቃም። 454 ግራም ስኳር በ355 ሚሊ ሊትር ውሃ በሙቀት ብታሟሙ 1.27 ገደማ ይሰጣችኋል። በተለመደው አዘገጃጀት ውህዱ እንዳይሻግት ፎርማሊን ይጨመርበታል። እዚህ አይጨመርም! ፎርማሊን የገባበት ስኳር በስህተት ከመደርደሪያ ተነሥቶ ሙሉ ሙከራ ሲያበላሽ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ያለ ፎርማሊን የተዘጋጀውን በ4 ዲግሪ አስቀምጡ፣ ለብቻው ምልክት ስጡት፣ አረፋ ሲያወጣ ጣሉት። እንቁላሉ በስኳሩ ውስጥ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቆይ። የተንሳፈፈውን በ20 ማይክሮን ወንፊት ላይ አፍስሱና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ እንቁላሉ በወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ ስኳሩና ደቃቁ ጭቃ ይሄዳል።

የበረኪና ዘዴ

ይህ ፈጣኑና ርካሹ ነው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የቅርፊቱን ጡቦች ያሟሟል፣ የሕያው እንቁላል ስስ ሽፋን ግን ለጥቂት ደቂቃ ይቋቋመዋል። ሽፋኑ የላላበት የሞተ ሽል አብዛኛው ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይሟሟል። ስለዚህ ዘዴው ቅርፊት መክፈቻም ነው፣ በራሱም ፈተና ነው።

የሚያበላሸው የበረኪናው ብርታት አለመታወቁ ነው። በሱቅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ 5% ተብሎ ይሸጣል፣ ነገር ግን ፀሐይ ላይ የከረመ ጠርሙስ ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። ሽቶ ወይም ሳሙና የተጨመረበትን አትግዙ። የገዛችሁትን እንዲህ ለኩት፦ 50 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 1 ግራም ፖታስየም አዮዳይድ አሟሙ፣ 1 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ፣ በመጨረሻ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ። አዮዳይዱ ሁልጊዜ ከአሲዱ ይቅደም። ቡናማ ይሆናል። በ0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብታ በጠብታ ቲትሬት አድርጉ። ቢጫው ሲሳሳ ጥቂት የስታርች ውሃ ጨምሩ፣ ሰማያዊው እስኪጠፋ ቀጥሉ። የፈሰሰውን ሚሊ ሊትር በ0.372 ስታበዙት የበረኪናው መቶኛ ይወጣል። 9.5 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ በረኪናችሁ 3.5% ነው። ከእርሱ 10 ሚሊ ሊትር የ1.5% ውህድ ለማውጣት 4.3 ሚሊ ሊትር በረኪና በ5.7 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይቀጠናል። የተቀጠነው ለዚያ ቀን ብቻ ነው።

በቱቦ ለመሥራት፦

1. በሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ያለበትን 1 ሚሊ ሊትር በበረዶ ላይ አስቀምጡ።

2. በእኩል መጠን ቀዝቃዛውን 1.5% ውህድ ጨምሩ። የመጨረሻው ብርታት 0.75% ይሆናል። ሰዓት ያዙ።

3. በየሁለት ደቂቃው ጠብታ ወስዳችሁ በ10 እጥፍ ሌንስ እዩ። ቅርፊቱ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ጠርዙ ይሸረፋል፣ በመጨረሻ ነጭ የሚያንጸባርቅ ክብ ሽል ይቀራል።

4. ከ10 እንቁላል 9ኙ ቅርፊቱን ሲጥል፣ ወይም 10 ደቂቃ ሲሞላ፣ ቱቦውን እስከ 15 ሚሊ ሊትር በቀዝቃዛ ፒቢኤስ ሙሉና ወዲያው በ700 ጂ ለ5 ደቂቃ አዙሩ። ሦስት ጊዜ ይታጠብ። ቅርፊት የሌለው ሽል ቀላል ነውና የሴንትሪፊውጁን ፍሬን አትጠቀሙ፤ በራሱ ጊዜ ይቁም። ላዩን ፈሳሽ ስትቀዱም ከታች ግማሽ ሚሊ ሊትር ተዉ።

በረዶው ለጌጥ አይደለም። በክፍል ሙቀት ሥራው ይፈጥናል፣ «ቅርፊቱ ለቀቀ» እና «ሽሉ ተጎዳ» የሚባሉት ሁለት ቅጽበቶችም ይጠጋጋሉ። ብርድ በመካከላቸው ጊዜ ይሰጣችኋል። 10 ደቂቃ አልፎ ቅርፊቱ ያልለቀቀ እንቁላል ብዙ ከሆነ ሰዓቱን አታራዝሙ፤ በረኪናችሁ ደክሟል ወይም ናሙናው ቆሻሻ ስላለበት ክሎሪኑ በቆሻሻው ተበልቷል። መልሳችሁ እጠቡና በአዲስ ውህድ ጀምሩ።

በመታጠብ የሚጠፋው ቁጥር የሚያሳስባችሁ ከሆነ በስላይድ ላይ መሥራት ይሻላል። 10 ማይክሮሊትር እንቁላል በስላይድ ላይ አኑሩ፣ እያንዳንዱን ቁጠሩ፣ 10 ማይክሮሊትር ቀዝቃዛ 1.5% ውህድ ጨምራችሁ መሸፈኛውን ክደኑ። ሳታነሡ ለ10 ደቂቃ ተከታተሉ። የቀሩትን ሙሉ ሽሎች ቁጠሩና ለመነሻው እንቁላል አካፍሉ። የጠፋ የለም፤ ሁሉም በዓይን ሥር ነው።

የጨጓራና የአንጀት ፈሳሽ ዘዴ

ይህ ረዘም ያለ ነው፣ ለተፈጥሮው ግን የሚቀርበው እርሱ ነው። ሽሉ ተንቀሳቅሶ ስለሚታይ ለክርክር በር አይከፍትም። የመረጣችሁት አንድ ዘዴ ብቻ ከሆነ ይህ ይሁን።

የጨጓራው ፈሳሽ፦ 1 ግራም ፔፕሲንና 0.85 ግራም ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ፒኤቹ 2 እስኪሆን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ በጠብታ። ዱቄቱ እርጥበት ገብቶት ከደደረ ኃይሉ ወርዷል። መጠርጠሪያው ቀላል ነው፦ የተቀቀለ የዶሮ እንቁላል ነጩን የስንዴ ፍሬ አሳክላችሁ ፈሳሹ ውስጥ ጣሉትና በ37 ዲግሪ አሳድሩት። ጠዋት ጠርዙ ስል ሆኖ ካገኛችሁት ፔፕሲኑን ጣሉት።

የአንጀቱ ፈሳሽ፦ 1 ግራም ፓንክሪያቲን፣ 1 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ 5 ሚሊ ሊትር የበሬ ሐሞት፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ፒኤቹ ከ7.4 እስከ 8 ይሁን። ሐሞቱን ከቄራ ስታመጡ ከረጢቱን አፉን አሥራችሁ፣ በበረዶ ላይ አድርጉት። በጨርቅ አጣሩ፣ 5 በ5 ሚሊ ሊትር ከፋፍላችሁ በፍሪዘር አስቀምጡ። የአንዱ በሬ ሐሞት ከሌላው ይለያል፤ የአንድ ሙከራ ናሙናዎች ሁሉ በአንድ ከረጢት ሐሞት ይሠሩ። «ሐሞቱ ቢጨመርበት ይበልጥ ይነቃል» ብሎ መጠኑን ማብዛት ደግሞ ሽሉን ያፈርሰዋል።

1. የታጠበውን እንቁላል 1 ሚሊ ሊትር በ9 ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ፣ በ38 ዲግሪ ዋተር ባዝ ለ1 ሰዓት። በየ10 ደቂቃው ቱቦውን ገልበጥ መለስ አድርጉ።

2. በ500 ጂ ለ5 ደቂቃ አዙሩ፣ አሲዱን ቅዱ፣ አንድ ጊዜ በሞቀ ፒቢኤስ እጠቡ። አሲዱ ሳይታጠብ ባይካርቦኔቱ ከተጨመረ ይገነፍላል፤ ፒኤቹም ይወርዳል።

3. 5 ሚሊ ሊትር የሞቀ የአንጀት ፈሳሽ ጨምሩ። በ38 ዲግሪ አቆዩ፣ በየ15 ደቂቃው ጠብታ እያያችሁ እስከ 2 ሰዓት።

4. በ40 እጥፍ ሌንስ ቁጠሩ። አራት ዓምድ ይኑራችሁ፦ ቅርፊቱን ያልጣለ፤ ቅርፊት ጥሎ በሽፋኑ ውስጥ ጸጥ ያለ፤ በሽፋኑ ውስጥ መንጠቆውን የሚያንቀሳቅስ፤ ሽፋኑን ጥሎ የወጣ።

ሕያው ተብለው የሚቆጠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሽል ቢያንስ 30 ሰከንድ ስጡት። እንቅስቃሴው ተከታታይ አይደለም፤ መንጠቆዎቹ ተከፍተው ይቆዩና በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀዝፋሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ።

በደጋ ከተሞች የሚያጋጥመው ትልቁ ችግር ቅዝቃዜ ነው። ክፍሉ 18 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ ስላይዱ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይበርዳል፣ ሽሉም ይቆማል። ቆጣሪው «የማይንቀሳቀስ» ብሎ ይጽፋል። ስላይዱንና ፒፔቱን አስቀድማችሁ በኢንኩቤተር አሙቁ፣ በአንድ ስላይድ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፣ ብዙ ትንንሽ ስላይዶች ሥሩ። የሚሞቅ የማይክሮስኮፕ ጠረጴዛ ካላችሁ በ38 ዲግሪ አድርጉት።

በረኪናውና ሐሞቱ ተያይዘውም ይሠራሉ። ቅርፊቱን በበረኪና ጥላችሁ፣ አጥባችሁ፣ በቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 3 መግባት ትችላላችሁ። የጨጓራው ሰዓት ይቀራል።

በቀለም መፈተሽ

ቀለሞቹ ሁሉ የሚሠሩት በተላጠ ሽል ላይ ነው። ቅርፊቱ ባለበት ቀለም መጨመር ትልቁ የስህተት ምንጭ ነው። ቅርፊቱ ቀለሙን ያግደዋልና ሞቶ የከረመው ሁሉ «አልቀለመም፣ ሕያው ነው» ይባላል።

ትራይፓን ብሉ ለመነሻ ይበቃል። 0.4% ውህዱን በጨው ውሃ አዘጋጁና ከመጠቀም በፊት አጣሩት፤ ካልተጣራ ጥቃቅን ሰማያዊ ቅንጣቱ ሽል ይመስላል። 20 ማይክሮሊትር የተላጠ ሽል ከ20 ማይክሮሊትር ቀለም ጋር ቀላቅሉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቁጠሩ። ሰማያዊው ሞቷል፣ ጥርት ያለው ሽፋኑ ይከላከላል። 10 ደቂቃ ካለፈ ቀለሙ ራሱ ይመርዛልና የሞተው ይበዛል። ከአንጀቱ ፈሳሽ የወጣ ሽል መጀመሪያ በፒቢኤስ ካልታጠበ ፕሮቲኑ ቀለሙን ይጠጣዋል፣ ሁሉም ገርጣ ይላል።

ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የበለጠ ጥርት ያለ ነው። በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ጨለማ ውስጥ 15 ደቂቃ፤ የሞተው ቀይ ያበራል። አረንጓዴ ብርሃን ያለው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። በየጤና ተቋሙ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተሰጠው የኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ቀዩ ደብዝዞ ይታያል። ቅርፊቱን ያልጣለ እንቁላልም በራሱ ያበራልና ከቁጥሩ አውጡት። ቀለሙ ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ በጓንት ይያዝ።

ኤምቲቲ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሽፋኑን ሳይሆን የሽሉን መተንፈስ። 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር በፒቢኤስ አሟሙ፣ አጣሩ፣ በጨለማ አስቀምጡ። ከሽሉ ጋር 1 ለ10 ተቀጥኖ በ37 ዲግሪ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ። ሕያው ሽል ወደ ሐምራዊ ይጠቁራል። ባክቴሪያም እንዲሁ ስለሚያጠቁረው ከዝቃጭ ለመጣ ናሙና አንመክረውም።

መለኪያዎቹና ቁጥሩ

ያለ ሁለት መለኪያ የወጣ ውጤት ከንቱ ነው። አንዱ ትኩስ እንቁላል ነው፤ ሌላው በ85 ዲግሪ ዋተር ባዝ ለ15 ደቂቃ የተገደለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 95 ወይም 100 ብሎ መሙላት ዋተር ባዙን በከንቱ ማፍላት ነው፤ 85 ይበቃል። በተገደለው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከታየ ቱቦ ተቀያይሯል። በተገደለው ውስጥ ቀለም ያልያዘ ብዙ ከሆነ ቀለማችሁ አርጅቷል። ትኩሱ ከሩብ በታች ከሆነ ደግሞ የመድኃኒቱን ወይም የዝቃጩን ውጤት ለማንበብ አትቸኩሉ፤ ኢንዛይሙን፣ ሐሞቱን፣ የእንቁላሉን ዕድሜ መርምሩ።

ትኩሱም ቢሆን 100% አይደርስም። በአንድ ክፋይ ውስጥ የበሰለም ያልበሰለም እንቁላል አለና። መንጠቆ የሌለበትን፣ ውስጡ ደመና መሰል የሆነውን እንቁላል ከመጀመሪያው ቆጠራ ለዩት። ከዚያ የተፈተነውን በትኩሱ አስተካክሉ፦ ትኩሱ 62%፣ የታከመው 31% ከሆነ የተረፈው ግማሽ ነው።

የበረኪና ዘዴን ከቀለም ጋር ስታጣምሩ የምታካፍሉበትን ቁጥር ጠንቅቁ። 200 እንቁላል ነበራችሁ እንበል። ከበረኪናው በኋላ 120 ሽል ቀረ፣ ከእነርሱ 90ው ቀለም አልያዘም። 90ን ለ120 ያካፈለ 75% ይላል። ነገር ግን 80ው የጠፉት አብዛኛው ሞተው ስለነበር ነው። ትክክለኛው 90 ለ200፣ ማለትም 45% ነው። በሪፖርቶች ላይ ሕያውነትን ከሚያጋንኑ ስህተቶች ቀዳሚው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ከእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ 200 ቁጠሩ። 200 ተቆጥሮ ግማሹ ሕያው ከሆነ የስህተቱ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 7 ነጥብ ያህል ነው፤ 50 ብቻ ከተቆጠረ 14 ይሆናል። ቱቦዎቹ ላይ ኮድ ብቻ ይጻፍ፤ የትኛው የታከመ እንደሆነ ቆጣሪው አይወቅ። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ልዩነታቸው ከ10 ነጥብ ካለፈ ሁለቱም እንደገና ይቁጠሩ።

«አንድም ሕያው አልተገኘም» ከመጣ ይበልጥ ተጠንቀቁ። 300 ተቆጥሮ ዜሮ ከተገኘ በቁጥር ልንመሰክር የምንችለው «ከ1% በታች ነው» ብቻ ነው፤ ሦስትን ለቆጠራችሁት አካፍሉ፣ ጣሪያው እርሱ ነው። አንድ ክፋይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ከ80,000 ውስጥ 1% ማለት 800 እንቁላል ነው፣ ለአንድ ግጦሽ ትንሽ አይደለም። ማጽጃ ወይም የዝቃጭ ማቆያ ጊዜ ለማጽደቅ የሚሠራ ሙከራ ከ3,000 በታች ቆጥሮ «ገድሏል» ሊል አይገባም።

ሌሎቹ መንገዶች

ፒሲአር ዓይነቱን ይነግረናል እንጂ ሕያውነቱን አይነግረንም፤ የሞተ እንቁላልም ዲኤንኤ ይዞ ይቆያል። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው እንቁላሉን ለጥጃ አብልቶ ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ጡንቻውን፣ ልቡንና ምላሱን ቀጭን ቀጭን አድርጎ ከትፎ እጩን በመቁጠር ነው። ከበሽታው ነፃ ሆኖ ያደገ ጥጃ፣ ዝግ በረት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቱቦው ውጤት ከጥጃው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ የተንቀሳቀሰ ሽል ሁሉ አንጀት አልፎ ጡንቻ ላይ አይደርስም። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «በሽታ ሊያሲዝ የሚችል 45%» ተብሎ አይጻፍ። «በአንጀት ፈሳሽ፣ በ38 ዲግሪ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የነቃ 45%፤ የዚያ ቀን ትኩስ መለኪያ 62%፤ የተቆጠረ 200» ተብሎ ይጻፍ። ዘዴው፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱና መለኪያው አብረው ካልተጻፉ የአንዱን ላቦራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ሥራው ሲያልቅ

ፈሳሹ ሁሉ፣ የማጠቢያውም ጭምር፣ በ121 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ በአውቶክሌቭ ይግባ። በረኪና ያለበት ፈሳሽ ግን ወደ አውቶክሌቭ ከመግባቱ በፊት በሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑ ይብረድ፤ ካልሆነ እንፋሎቱ ብረቱንም ሳንባንም ይጎዳል። አውቶክሌቭ ከሌለ ለ30 ደቂቃ ይፍላ። ስላይድና ፒፔት አብረው ይፍሉ። ጠረጴዛው ላይ ያልተቀጠነ 5% በረኪና ለ10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ወንፊቶቹን አትርሱ፦ በ20 ማይክሮኑ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ አንድ እንቁላል በሚቀጥለው ሳምንት ንጹሕ በነበረ ናሙና ውስጥ ይታያል፤ ከየሥራው በኋላ ይቀቀሉ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ይታዩ።